ስለ ወንዝ መሙላትና አስቀድሞ ስለ መሰናዳት

በአቃቂ ቃሊቲ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ተማሪዎች የተነገረ ንግግር



የምናገረው ነገር ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም፤ ሁላችሁም ስለምታውቁት ስለ አቃቂ ወንዝ ነው። በዚህ በሚያዝያ ወር ወንዙን ያየ ሰው፥ ስለ እርሱ መሰብሰባችን ትርፍ ሥራ ይመስለው ይሆናል። ልጆች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል፤ አትክልት የሚተክሉት ሰዎች ውኃውን ወደ ጎመናቸው ይጠልፉታል፤ ከብትም ገብቶ ሲጠጣበት ውኃው ጕልበቱን አይደርስም። ነገር ግን ስለ ወንዝ መመካከር የሚገባው ወንዙ ትንሽ በሆነበት ጊዜ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ሁሉም የሚያስበው ስለ ልጁና ስለ ዕቃው ብቻ ስለሚሆን፥ ለምክር የሚሆን ጊዜ አይገኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጎርፍ የመጣ እንደ ሆነ «የእግዚአብሔር ቍጣ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አለ። በጸሎት ላይ የምናገረው ክፉ ቃል የለኝም። ይሁን እንጂ ገበሬ ዝናብ ስጠኝ ብሎ የሚጸልየው በሬውን ጠምዶ፥ ዘሩን አሰናድቶ ነው እንጂ ተኝቶ አይደለም። እኛም ጸሎቱንና ቦዩን አብረን ብናደርግ ነውር የለበትም።

እንግዲህ የምንቀመጥበትን አገር አቀማመጥ እንመልከት። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ጀምሮ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች የምትወርድ ከተማ ናት። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እኛ ያለንበት ሜዳ ግን ከ2,100 ሜትር ብዙ አይርቅም። ከላይ የሚነሡት ምንጮችና ጅረቶች በሁለት ወንዞች ይሰበሰባሉ፤ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል፥ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይወርዳል። ሁለቱም በእኛ በኩል አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው በውኃ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የቆመበት ስፍራ መሆኑን ልጆች በትምህርታችሁ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባን እንደ አንድ ትልቅ ጣራ ብንቈጥራት፥ እኛ ከአሸንዳው ሥር የተቀመጥን ሰዎች ነን።

ልጆች ደብተራችሁን አውጡ፤ አባቶችም በልባችሁ ቍጠሩ። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ብርቱ የሐምሌ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል። የአንድ ሰው ቤት ጣራ 50 ካሬ ሜትር ቢሆን፥ ከዚያ ጣራ ብቻ 2,000 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 10 ይሞላል። አሁን ይህን ቍጥር ወደ አገሩ አስፉት። ያው ዝናብ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 4,000,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ ደግሞ 10 ኩንታል ይመዝናል። ይህ ሁሉ ወደ ወንዙ አይገባም፤ ከፊሉን መሬት ይጠጣዋል፥ ከፊሉም ይተናል። መሬቱ ግን ዛሬ እንደ ቀድሞው አይጠጣም። ሣር በነበረበት ስፍራ ቆርቆሮ፥ ዛፍ በነበረበት ስፍራ ሲሚንቶና አስፋልት ሆኗል፤ በእነዚህም ላይ የወረደ ውኃ ሳይዘገይ ይሮጣል። የእኛ ሜዳ ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ የሰው እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ግን አብጦ ይዘጋና ውኃን እንደ ሸክላ ገንቦ ይዞ ይቀራል።

የሮጠ ውኃ ጕልበት ብዙ ሰው ከሚያስበው ይበልጣል። እስከ ቍርጭምጭሚት ብቻ የሚደርስ ፈጣን ጎርፍ ሰውን ሊያዳልጠው ይችላል፤ እስከ ጕልበት የደረሰ እንደ ሆነ ብርቱውን ጐልማሳ ይጥለዋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው መኪናን አንሥቶ ይወስዳል። ስለዚህ «ዋና ዐውቃለሁ» ወይም «መኪናዬ ከባድ ነው» የሚል ሰው ቢኖር እባካችሁ አትስሙት። በተለይ በደፈረሰ ውኃ ሥር ድልድዩ ይኑር ወይም ተቦርቡሮ ይሂድ የሚያውቅ የለም።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን ይህ ነው፤ በአቃቂ ፀሐይ ወጥታ ሳለ በእንጦጦ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ውኃው ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓት ያልፋል፤ ልብሷን በወንዝ ዳር ያሰጣች እናትም ሰማዩን አይታ ልትሠጋ አትችልም። እንዲህ ያለውን ነገር የድሬዳዋ ሕዝብ በብዙ ኀዘን ተምሮታል። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በዓመቱ ብዙ ወራት ከአሸዋ በቀር ምንም የሌለበት ነው፤ ሰው ይሄድበታል፥ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ በሌሊት፥ በሐረርጌ ደጋ የወረደው ዝናብ በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ መጣ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 የማያንሱ ነፍሳት ጠፉ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ያለ ቤት ቀረ። በዚያው ክረምት፥ በነሐሴ መጀመሪያ፥ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ360 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በድሬዳዋ ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ከሁሉ በላይ ያስፈልግ የነበረው ከደጋ ያለው ሰው በቈላ ያለውን የሚቀሰቅስበት ድምፅ ነበር።

በዚህ በእኛም አገር የቀድሞ ሰዎች የውኃውን መንገድ ያውቁት እንደ ነበር ከስሙ መረዳት ይቻላል። በኦሮምኛ «ለገ» ማለት ወንዝ ነው፤ ለገዳዲ፥ ለገጣፎ የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። (ለገሀርን ግን ከእነዚህ ጋር እንዳትቈጥሩት፤ እርሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው።) በሰፈራችሁ ለገ የሚባል ስፍራ ቢኖርና ዛሬ ውኃ ባታዩበት፥ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ እንጂ «ደርቋል» ብላችሁ ቤት አትሥሩበት።

ወንዝን ስለ መለካትና ስለ መንገር ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣላችሁ። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ውኃው የእኛ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለችው ግብፅ በየዓመቱ የምትጠብቀው ሙላት አብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋ ከወረደው ዝናብ የሚሄድ ነበር። ሙላቱ ያነሰ እንደ ሆነ ረኃብ፥ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ጥፋት ያመጣባቸዋል። ስለዚህ በካይሮ አጠገብ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ ከ1,100 ዓመት በፊት የውኃ መለኪያ ዐምድ አቆሙ፤ በዐምዱም ላይ ክንድ በክንድ ምልክት ቀረጹበት። ዐምዱ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ ምንም እንኳ ታላቁ የአስዋን ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሥራው ቢቀር። እኔን ከዐምዱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው። ውኃው መሙላት ሲጀምር በከተማው ጎዳና ለፋፊ እየዞረ «ዛሬ ይህን ያህል ጨመረ» እያለ ለሕዝቡ ይናገር ነበር። መለኪያው አንድ ስፍራ ቆሞ የቀረ ቢሆን ኖሮ ለማን ይጠቅም ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደርሻለሁ። እኛስ ለፋፊ የለንምን? አለን። በየሰፈራችን እድር አለ፤ እድሩም ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥና ጥሩምባ ነፊ አለው። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጥሩምባው ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነፋል፤ ማን እንደ ሞተ፥ ቀብሩም የት እንደ ሆነ ይነገራል፤ ድንኳኑ ይተከላል፥ አግዳሚው ይደረደራል፥ እንጀራው ይመጣል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለ አዛዥና ያለ ደመወዝ በየሰፈሩ መኖሩ የሚያስመሰግነን ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚነሣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት በእኛም ላይ እንዳይደርስ እፈራለሁ። ለሬሳ የሚነፋው ጥሩምባ ሕያዋንን ለማዳን ቢነፋ ምን ይከለክለዋል? ስለዚህ የምለምናችሁ፥ እያንዳንዱ እድር ከሰኔ በፊት ተሰብስቦ ለጎርፍ የሚሆን የተለየ ድምፅ እንዲወስን ነው። ለምሳሌ ለሞት ረጅም አንድ ድምፅ ከሆነ፥ ለጎርፍ ሦስት አጫጭር ድምፅ እየደጋገሙ መንፋት ይቻላል። በአጠገብ ቤተ ክርስቲያን ያለ እንደ ሆነ ደወሉ፥ መስጊድም ያለ እንደ ሆነ የድምፅ ማጕያው እንዲረዳ ከካህናቱና ከኢማሙ ጋር መነጋገር ይገባል። ውኃው ክርስቲያኑንና እስላሙን አይለይም።

«ዛሬ ስልክ በየእጁ ሳለ ጥሩምባ ለምን?» የሚል ይኖራል። ስልክ መልካም ነው፤ እኔም ሥራ አለው እላለሁ፤ ሥራውም ይህ ነው። ከላይ ባለው ሰፈር ያለው የእድር ጸሐፊ ወንዙ ሲሞላ ባየ ጊዜ ለታችኛው እድር ጸሐፊ ይደውል፤ ታችኛውም ከእርሱ በታች ላለው ያስተላልፍ። ስለዚህ የላይኛውንና የታችኛውን እድር ጸሐፊዎች ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ግን በአንድ ወንዝ ዳር እየኖሩ የማይተዋወቁ ብዙ ናቸው። የለገዳዲ፥ የድሬና የገፈርሳ ግድቦችም በክረምት ሲሞሉ ትርፉ ውኃ የሚለቀቅበት ጊዜ ስለሚኖር፥ የውኃና ፍሳሽ ባለ ሥልጣን የሚያወጣውን ማስታወቂያ፥ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የሚሰጠውን ትንበያ አንድ ሰው ተመድቦ በየቀኑ ይስማ። ነገር ግን በሌሊት ስልክ ይዘጋል፤ ባትሪ ያልቃል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ መረቡም ሊጠፋ ይችላል። ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ጥሩምባው ነው።

ስለ ወንዝ ዳር ነዋሪዎችም ልናገር። እነርሱን «ለምን እዚያ ሠራችሁ?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅስም። ወደ ውኃው ቀርቦ የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራዩ ስለሚረክስለት ነው እንጂ የሐምሌን ድምፅ ስለሚወድ አይደለም። ለእነርሱ የተሻለ ስፍራ መፈለግ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እድርና ቀበሌም መጠየቅ ይገባቸዋል። እስከዚያው ድረስ ግን በየቤቱ ማን እንዳለ ማወቅ የእኛ ሥራ ነው። ጸሐፊው የሞተን ሰው ስም ሲጽፍ የሚይዘው መዝገብ አለው፤ በዚያው መዝገብ መጨረሻ ላይ ደግሞ አራስ ያለችበትን ቤት፥ መራመድ የማይችል ሽማግሌ ያለበትን፥ ዓይነ ስውር ያለበትን፥ ልጆች ብቻቸውን የሚያድሩበትን ቤት ይጻፍ። ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ ጥሩምባው በተነፋ ጊዜ ወደዚያ ቤት የሚሮጠው ጐረቤት ስም ይጻፍ። ይህ አንድ ገጽ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ከመካከላችሁ «እኔ ከወንዙ ዳር 15 ዓመት ተቀምጬአለሁ፤ አንድ ቀን ውኃ ደጄ አልደረሰም» የሚል ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። እውነቱን ነው። ታላቁ ሙላት የሚመጣው በየዓመቱ አይደለም፤ አንዳንዱ ከአንድ ትውልድ ዕድሜ በላይ ይቈያል። አደገኛም የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ያዩት ሰዎች ይሞታሉ፥ ያላዩት ቤት ይሠራሉ። ስለዚህ ውኃ የደረሰበትን ግድግዳ ያያችሁ እንደ ሆነ በቀለም መሥመር አስምሩበት፤ ዓመቱንና ወሩንም ጻፉበት። በአውሮፓ በብዙ ወንዝ ዳር ከተሞች በድልድይና በቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ተቀርጾ ይገኛል። ለእኛም አንድ ብሩሽ ብቻ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥዬ የምናገረው ኀዘን ያለበት ነው፤ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ቀንጮ ሻቻ በሚባል ቀበሌ፥ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደ። አስቀድሞ የወረደው ናዳ የጥቂት ቤተ ሰቦችን ቤት ቀበረ። የሰፈሩም ሰው እንደ ኢትዮጵያዊ ልማድ አካፋና ዶማ ይዞ፥ አንዳንዱም በባዶ እጁ፥ የተቀበሩትን ሊያወጣ ተሰበሰበ። በዚያው ላይ ሳሉ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ለርዳታ የመጡት ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ሞኞች ናቸው የሚል ቢኖር እርሱ ራሱ ሰው አይደለም። ነገር ግን ልብ ካለን ከእነርሱ የምንማረው አለ። የራሰ ቍልቁለት አንድ ጊዜ ከተናደ ዳግመኛ ሊናድ ይችላል፤ የሞላ ወንዝም ሁለተኛ ማዕበል ይኖረዋል። ስለዚህ ርዳታ በሚደረግበት ጊዜ ጥቂቶች ብቻ ይግቡ፤ የገቡትም በገመድ ይያዙ፤ አንድ ሰው ሥራ ሳይሠራ ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ተራራውን ወይም ወንዙን ብቻ ይመልከት፤ የቀረው ሕዝብ ራቅ ብሎ ይቁም። ሴትም ወንድም «ልጄ ነው» እያለ ሲሮጥ ማቆም ጭካኔ ይመስላል። በእድር ስብሰባ አስቀድሞ ካልተወሰነ በዚያች ሰዓት ማንም ማንንም አያቆምም። የአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይጠራሉ፤ ልጆች እነዚህን ሁለት ቍጥሮች በቃላችሁ ያዙ።

ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፤ ባጭሩ ልመልስ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከዚህ ድረስ አልጋችንን እንዳነቃነቀው ሁላችን እናስታውሳለን፤ የካቲት 7 ቀን የሆነው 6.0 ተለክቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያም ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በላንጋኖ በኩል የሆነው አዲስ አበባን አናውጧታል፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራ ቆሬ በኩል በሆነው የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ይህ አደጋ ከጎርፍ የሚለየው ጥሩምባ የማይነፋለት በመሆኑ ነው፤ ቀኑን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ቢመጣባችሁ አትመኑት። መከላከያው የቤቱ አሠራር ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክ አገር ከ50,000 በላይ ሰው ሲሞት፥ ብዙዎቹን የገደሉአቸው ደንቡ ተጥሶ የተሠሩ ፎቆች ናቸው። እናንተ በምድር ቤት የምትኖሩ ከአልጋ በላይ ከባድ ዕቃ አትስቀሉ፤ ከላይ የተከመረ ድንጋይ ያለበትን አጥር አስተካክሉ፤ ሲነቃነቅ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ልጆችም በደረጃ ላይ አትጋፉ። ስለ ቤት አሠራር የሚያውቅ መሐንዲስ ሌላ ቀን ብንጠራ ይሻላል፤ እኔ መምህር ነኝና ከዚህ አላልፍም።

ወደ ወንዛችን እንመለስ። ከአሁን እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሊሠራ የሚቻለው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየመንገዱ ያለውን ቦይና በድልድዩ ሥር ያለውን ቱቦ መጥረግ፤ በተለይ ፌስታሉን ማውጣት፤ ምክንያቱም ውኃ ከሚያሳልፈው ቱቦ አንዱ ሲዘጋ ወንዙ ወደ ሰው በር ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አፈሩንም ጠርጋችሁ ከቦዩ ዳር ብቻ አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያገባዋል። (ይህን በየዓመቱ አያለሁ፤ በየዓመቱም ይገርመኛል።) በቤታችሁ ደግሞ የልደት ወረቀት፥ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት፥ የቤት ካርታና የባንክ ደብተር ያላችሁ በአንድ ፌስታል ጠቅልላችሁ ከፍ ካለ ስፍራ አኑሩ፤ ባትሪና የሚጠጣ ውኃም በአንድ ስፍራ ይኑር። ከብት ያላችሁ በሐምሌና በነሐሴ በወንዝ ዳር አታሳድሩ። ከፍ ያለው ስፍራ የት እንደ ሆነና በየትኛው መንገድ እንደሚደረስበት ልጆች ሁሉ በጨለማ ሊያገኙት እስኪችሉ ድረስ በብርሃን ሂዱበት። በሌሊት ውኃ ወደ ቤት ሲገባ የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ እርጥብ እጅ አይንካው።

ተማሪዎቻችን ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን ጀምረው ዝናብ ይለካሉ። መለኪያው ወገቡ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ነው፤ ከዛፍና ከጣራ ርቆ በእንጨት ላይ ይታሰራል፤ በየጧቱ በ3 ሰዓት የውኃው ቁመት በማስመሪያ ተለክቶ በደብተር ይጻፋል፤ ከዚያም ጣሳው ይደፋል። አንድ ክረምት የተጻፈ ደብተር ብዙ አይናገርም፤ አሥር ክረምት የተጻፈው ግን ስንት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ወንዙ ከየትኛው ድንጋይ በላይ እንደሚወጣ ያሳያል። ስለዚህ ደብተሩ ተማሪው ሲመረቅ ለታናሹ የሚተላለፍ እንጂ ወደ ቤት የሚወሰድ አይሁን።

ጥሩምባ ነፊያችን ከእኛ ጋር ናቸው፤ ስለ ታዘዙልንም እናመሰግናቸዋለን። ሁለት ልጆችን ነጭ ጨርቅ አስይዘን ከወንዙ ማዶ ልከናል። አሁን ሁላችን ወደ ደጅ እንውጣ፤ እርሳቸው ሦስቱን አጭር ድምፅ ይነፋሉ፤ ልጆቹም ከሰሙ ጨርቁን ያውለበልባሉ። ካልሰሙ ደግሞ ሁለተኛውን ጥሩምባ ከየት እንደምናስቀምጥ እዚያው ቆመን እንመካከራለን።